በብራዚል የሚወርደው ውርጭና የቡና ገበሬው ዋጋ

ሐምሌ 10 ለ11 አጥቢያ 1967 ዓ.ም. በደቡብ አሜሪካ፣ በብራዚል አገር፣ ፓራና በተባለችው ግዛት ከደቡብ ዋልታ አቅጣጫ የመጣ ብርቱ ቁር ወረደ። የግዛቲቱ ዋና ከተማ በሆነችው በኩሪቲባ እንደ ባዘቶ የነጣ በረዶ ጣለ። ወደ ሰሜን ዘልቆ፣ ቡና በሚበቅልበት በሎንድሪናና በማሪንጋ አካባቢ ደግሞ ውርጭ ሆነ። በነጋታው ገበሬዎች ወደ ማሳቸው ሲወጡ ማታ ለምለም ሆኖ ያደረው የቡና ቅጠል በእሳት እንደተለበለበ ጠቁሮ አገኙት። በዚያን ጊዜ ፓራና በብራዚል ቀዳሚ የቡና አምራች ግዛት ነበረች። በሚሊዮን ጆንያ ይቆጠር የነበረው የግዛቲቱ ምርት በሚቀጥለው ዓመት ወደ ጥቂት ሺህ ጆንያ ወረደ።

በዚያው በ1967 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ የካቲት 25 ቀን ታውጆ፣ ገበሬው በ20 ጋሻ ወይም በ800 ሄክታር መሬት ላይ በማኅበር እየተደራጀ ነበር። በከፋ፣ በወለጋ፣ በሲዳሞና በሐረርጌ አዲስ የተመረጡት የገበሬ ማኅበራት መሪዎች መሬት በማከፋፈል ላይ ሳሉ፣ ስሙን እንኳ ሰምተውት በማያውቁት አገር የወረደው ውርጭ የአባሎቻቸውን የቡና ዋጋ ቀየረው።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ ባለፉት 50 ዓመታት ይኸው ነገር ተደጋግሞ ታይቷል። ውርጩ ይወርዳል፤ ዋጋው ይወጣል፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ዋጋው ተመልሶ ይወድቃል። በመሆኑም በቡና አብቃይ ወረዳዎች ያሉ የገበሬ ማኅበራትና የኅብረት ሥራ ማኅበራት መሪዎች ሊያውቁት የሚገባው ዋና ቁም ነገር፣ ውርጭ ያመጣው ዋጋ እንግዳ እንጂ ቤተኛ አለመሆኑን ነው። እንግዳው በሚቆይበት ጊዜ ምን መሥራት እንደሚገባ አስቀድሞ ያልመከረ ማኅበር፣ እንግዳው ሲሄድ ባዶ እጁን ይቀራል።

ቁሩ ከየት ይመጣል?

ብራዚል በአብዛኛው ከምድር ወገብ በስተደቡብ የምትገኝ በመሆኗ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ የብርድ ወራቷ ናቸው። ወራቱ በኢትዮጵያ ዝናብ የሚበረታባቸው ቢሆኑም፣ በብራዚል የቡና አገር ግን ሰማዩ ጥርት የሚልባቸውና ዝናብ የሚያንስባቸው ናቸው። አገሩ በጠቅላላው ሙቅ ነው። ይሁንና በአንዳንድ ዓመት ከደቡብ ዋልታ የተነሣ ቀዝቃዛ አየር የአርጀንቲናን ሜዳ አቋርጦ ወደ ሰሜን ይገፋል። በመንገዱ ላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ታላቅ ተራራ ስለሌለ የሚያግደው የለም። እንዲህ ሆኖ ቁሩ የቡናው አገር ይደርሳል።

ውርጭ እንዲሆን ግን የቀዝቃዛ አየር መምጣት ብቻ አይበቃም። መሬት ቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትመልሳለች። ሰማዩ ዳመናማ ከሆነ ዳመናው እንደ ጋቢ ሆኖ ሙቀቱን ይይዝላታል። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አየሩ ደረቅ፣ ነፋሱም ጸጥ ያለ ከሆነ ግን መሬቲቱ ራቁቷን እንዳደረች ያህል ሙቀቷን ታጣለች። ከመሬት አጠገብ የቀዘቀዘውም አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ተዳፋቱን እየተከተለ ወርዶ በጎድጓዳው ቦታ ይተኛል። በአንድ ኮረብታ ላይ የላይኛው ማሳ ደኅና አድሮ የታችኛው የሚለበለበው በዚህ ምክንያት ነው። በሰው ቁመት ላይ የተሰቀለው የሙቀት መለኪያ ከዜሮ በላይ 2 ወይም 3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እያሳየ፣ የቅጠሉ ሙቀት ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። የቡና ቅጠል ደግሞ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ወደ 3 ወይም 4 ዲግሪ ሲደርስ ይሞታል።

ብራዚላውያን ገበሬዎች ሁለት ዓይነት ውርጭ ያውቃሉ። አንደኛው ነጭ ውርጭ ነው፤ ይኸውም በኢትዮጵያ ደጋ አመዳይ የሚባለው፣ ጠዋት በሣሩና በቅጠሉ ላይ ነጥቶ የሚታየው ነው። ሁለተኛው ጥቁር ውርጭ ይባላል። አየሩ እጅግ ደረቅ በሚሆንበት ጊዜ ምንም አመዳይ ሳይታይ በተክሉ ውስጥ ያለው ውሃ ይረጋና ተክሉ ጠቁሮ ይደርቃል። የ1967 ዓ.ም. ውርጭ በዚያ አገር እስከ ዛሬ ጥቁሩ ውርጭ በመባል ይታወሳል።

እዚህ ላይ በጥሞና ሊታይ የሚገባው ነገር አለ። በብራዚል ቡና የሚለቀመው ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ በሐምሌ የሚወርደው ውርጭ የሚያጠፋው በአብዛኛው የዚያን ዓመት ፍሬ ሳይሆን የሚቀጥለውን ዓመት ነው። ቡና የሚያፈራው ባለፈው ዓመት ባደገው ቅርንጫፍ ላይ ነውና፣ ቅርንጫፉ ከተለበለበ የሚመጣው ዓመት አበባ የለም። ግንዱ ከተመታ ደግሞ ዛፉ ተጎንድሎ እንደገና እስኪያፈራ 2 ዓመት ያህል፣ ተነቅሎ አዲስ ችግኝ ከተተከለም 3 ወይም 4 ዓመት ይፈልጋል። ዋጋው ግን ይህን ሁሉ አይጠብቅም። ውርጩ በተሰማበት ሳምንት ይዘልላል።

ዋጋው ሲወጣና ሲወርድ

ብራዚል ከዓለም የቡና ምርት ሲሶ ያህሉን የምታቀርብ አገር ናት። ስለዚህ በዚያች አገር ውርጭ መውረዱ ሲሰማ ቡና ቆይዎችና ነጋዴዎች ለሚመጣው ዓመት እንዳይቸገሩ ሲሉ ለመግዛት ይሻማሉ። የዓለም ገበያ ዋጋ በኒው ዮርክ የሚነገረው በፓውንድ ሲሆን፣ አንድ ፓውንድ ከ450 ግራም ጥቂት ይበልጣል። 17 ኪሎ የሚመዝነው አንድ ፈረሱላ 37 ፓውንድ ተኩል ገደማ ይሆናል።

ከ1967ቱ ውርጭ በፊት አንድ ፓውንድ ንጹሕ ቡና ከ1 የአሜሪካ ዶላር በታች ይሸጥ ነበር። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ዋጋው ከ3 ዶላር በላይ ደረሰ። ይህም ለአንድ ፈረሱላ ከ112 ዶላር በላይ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ታች መመለስ ጀመረ። በ1981 ዓ.ም. ደግሞ አምራችና ገዥ አገሮች የሽያጭ ኮታ ይመድቡበት የነበረው ዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት አሠራር በመቋረጡ፣ የዋጋውን ውጣ ውረድ ይገታ የነበረው ልጓም ተፈታ።

በሰኔና በሐምሌ 1986 ዓ.ም. በብራዚል ሁለት ጊዜ ውርጭ ወረደ። በዓመቱ መግቢያ ከ1 ዶላር በታች የነበረው ዋጋ ወዲያው ከ2 ዶላር በላይ ሆነ። ከፍተኛውን ዋጋ ያየ ሁሉ ቡና መትከል ያዘ። ብራዚል ራሷ ውርጭ ወደማይበዛባቸው አካባቢዎች እርሻዋን አስፋፋች። ቬትናምም ሰፊ መሬት በቡና ሸፍና ከዓለም ታላላቅ አምራቾች አንዷ ለመሆን በቃች። ይህ ሁሉ ተክል ፍሬ ሲሰጥ ገበያው ሞልቶ ፈሰሰ። በ1994 ዓ.ም. መጀመሪያ አንድ ፓውንድ ከ50 ሳንቲም በታች ወረደ፤ ፈረሱላው 19 ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር። በዚያን ጊዜ የለቃሚ ዋጋ መክፈል ያቃታቸው የኢትዮጵያ ገበሬዎች ብዙ ነበሩ። በሐረርጌም ቡናቸውን ነቅለው ጫት የተከሉ ጥቂት አልነበሩም።

ሐምሌ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ሚናስ ዤራይስ በተባለችውና ዛሬ በብራዚል የቡና ምርት ቀዳሚ በሆነችው ግዛት ከ1986 ወዲህ ያልታየ ብርቱ ውርጭ ወረደ። ዋጋው በዚያው ወር 2 ዶላርን አለፈ፤ በየካቲት 2014 ዓ.ም. 2 ዶላር ከ60 ሳንቲም ገደማ ደረሰ። ዓመት ሳይሞላ ግን መውረድ ጀምሮ፣ በጥር 2015 ዓ.ም. ወደ 1 ዶላር ከግማሽ አካባቢ ተመለሰ። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ዋጋው ከ4 ዶላር በላይ ሲወጣ ደግሞ ዋናው ምክንያት በብራዚል የደረሰው ድርቅና ሙቀት እንጂ ውርጭ አልነበረም። ከዚህ መረዳት የሚቻለው፣ የዋጋው መንሥኤ ቢለያይም የዋጋው ጠባይ አንድ መሆኑን ነው።

የፓራና ገበሬ ዕጣ

የውርጩ ትርፍ በሌላ አገር ሲታይ፣ ጉዳቱ በራሱ በፓራና ገበሬ ላይ ወደቀ። ብዙ ባለመሬቶች የተለበለበውን ቡና አስነቅለው አኩሪ አተርና ስንዴ ዘሩ። የቡና እርሻ ብዙ እጅ ይፈልጋል። አኩሪ አተር ግን በትራክተርና በኮምባይነር የሚሠራ ስለሆነ፣ በቡና ማሳ ላይ በየሲሶና በቀን ሥራ ይተዳደር የነበረው ሕዝብ ሥራ አጣ። በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ የፓራና የገጠር ሕዝብ ከ1 ሚሊዮን በላይ ቀነሰ። ውርጩ ብቻውን ያደረገው አይደለም፤ የእርሻ መሣሪያ መስፋፋትና የመንግሥት ፖሊሲም ነበሩበት። ይሁን እንጂ ለውጡን ያፋጠነችው ያቺ ሌሊት ነበረች።

በአንድ ሰብል ብቻ ላይ የቆመ ኑሮ በአንዲት ሌሊት ሊናድ እንደሚችል የፓራና ገበሬ አይቶታል። ከማሳው ጥግ እንሰት፣ በቆሎ ወይም ቦሎቄ ያለው ገበሬ ቡናው ቢመታበት ወይም ዋጋው ቢወድቅበት የሚበላው አያጣም። ስለዚህ ዋጋው በወጣ ዓመት የምግብ ሰብሉን መሬት በሙሉ ወደ ቡና ለመለወጥ የሚነሣውን አባል ማኅበሩ በጊዜ ሊመክረው ይገባል።

ከፍ ያለው ዋጋ ለማን ደረሰ?

በ1968ና በ1969 ዓ.ም. የዓለም ዋጋ ሦስት እጥፍና ከዚያም በላይ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ገበሬ እጅ የገባው ጭማሪ የዚያን ያህል አልነበረም። ከዋጋው ከፍተኛው ክፍል በቀረጥና በልዩ ልዩ ታክስ መልክ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ገብቷል፤ ከቀረውም በገበሬውና በላኪው መካከል የነበሩት እጆች ድርሻቸውን ወስደዋል።

ዛሬ መንገዱ ከቀድሞው የተሻለ ነው። ገበሬው በኅብረት ሥራ ማኅበሩና በዩኒየኑ በኩል ቡናውን በቀጥታ ለውጭ ገበያ ማቅረብ ይችላል። በ1991 ዓ.ም. የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና አምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየንና ከእርሱ በኋላ በሲዳማና በይርጋ ጨፌ የተቋቋሙት ዩኒየኖች ከሽያጭ በኋላ ለአባሎቻቸው የትርፍ ድርሻ የሚያከፋፍሉ ናቸው። ሆኖም ቡናውን በማኅበር የማይሸጠው ገበሬ ቁጥር ዛሬም ብዙ ነው። ለእርሱ ጭማሪው የሚደርሰው ሰብሳቢውና አቅራቢው ከደረሳቸው በኋላ ነው።

ጉዳዩን የሚያከፋው የወራቱ አገጣጠም ነው። የብራዚል ውርጭ የሚወርደው በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ነው። በእነዚሁ ወራት የኢትዮጵያ ቡና ገና በዛፉ ላይ አረንጓዴ ፍሬ ሲሆን፣ የገበሬው ጎተራ ግን የሚጎድልበት ጊዜ ነው። ልጅ ለመመዝገብ፣ እህል ለመሸመት ወይም ሕመምተኛ ለማሳከም ገንዘብ የቸገረው ገበሬ ቡናውን በዛፉ ላይ ሳለ በቅድሚያ ይሸጣል። ነጋዴው የኒው ዮርክን ዋጋ በስልኩ በዚያው ቀን ያውቃል፤ ገበሬው የሚያውቀው በኅዳር ቡናውን ሲያስረክብ ነው። እንዲህ በሆነ ጊዜ የውርጩ ትርፍ በሙሉ ቀድሞ የሰማው ይሆናል።

የማኅበራት መሪዎች ሥራ

በመጀመሪያ፣ የዋጋ ወሬ በጊዜ ለአባላት መድረስ አለበት። በየጽሕፈት ቤቱ ሰሌዳ ላይ የዩኒየኑና የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ዋጋ በየሳምንቱ ቢለጠፍ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራትም የብራዚል የአየር ሁኔታ ወሬ በየስብሰባው ቢነገር፣ ገበሬው ቡናውን በጭፍን ከመሸጥ ይድናል።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ገበሬው መረጃ ቢኖረውም ከቸገረው መሸጡ አይቀርም። ስለሆነም ከመኸሩ ሽያጭ ላይ ጥቂት በጥቂት ተቀምጦ በሐምሌና በነሐሴ ለአባላት የሚበደር ገንዘብ ሊኖር ይገባል። የቁጠባና የብድር ማኅበር ባለበት ቀበሌ ይህ ሥራ ቀላል ነው። በሌለበትም ዋጋው ከፍ ያለበት ዓመት ለማቋቋም የሚያመች ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም የሚቆጠብ ገንዘብ የሚገኘው ያን ጊዜ ነው።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ውል አክባሪነት ነው። ከ2013ቱ ውርጭ በኋላ በኮሎምቢያ አስቀድመው በዝቅተኛ ዋጋ የተዋዋሉ በርካታ ገበሬዎች ዋጋው ሲወጣ ቡናቸውን አላስረከቡም፤ በዚህም ላኪዎችና ኅብረት ሥራ ማኅበራት ለከባድ ኪሣራ ተዳርገዋል። ውል ያፈረሰ ማኅበር ዋጋው በወደቀ ዓመት ገዥ አያገኝም። መፍትሔው ሁሉንም ምርት በአንድ ጊዜ አለመዋዋል ነው። የተወሰነው በውል ቢሸጥ፣ የቀረው የገበያውን ዋጋ ቢጠብቅ፣ ማኅበሩ በወጣውም በወረደውም ዋጋ አይጎዳም።

በአራተኛ ደረጃ፣ የተገኘው ጭማሪ ወደ ማሳው መመለስ ይኖርበታል። ያረጀ ቡና መጎንደል፣ በሽታ የሚቋቋም ችግኝ መትከል፣ የእሸት ቡና መፈልፈያና የማድረቂያ አልጋ መሥራት ሁሉ ጥራትን ያሳድጋሉ። ዋጋው በወደቀ ጊዜ ከሌላው የተሻለ ገዥ የሚያገኘው ጥራት ያለው ቡና ነው። አዲስ ተክል ሲታሰብ ግን ፍሬ የሚሰጠው ከ3 ወይም ከ4 ዓመት በኋላ፣ ያውም ሌሎች አገሮች የተከሉት በሚደርስበት ጊዜ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

የጥላ ዛፍና የደጋው ውርጭ

የብራዚል ቡና በአብዛኛው ያለ ጥላ በፀሐይ የሚለማ ነው። የኢትዮጵያ ቡና ግን ብዙውን ጊዜ በዋንዛ፣ በብርብራ፣ በግራርና በሌሎችም ዛፎች ሥር ይበቅላል። የዛፉ ቅርንጫፍ ሌሊት እንደ ዳመና ሆኖ የመሬቱን ሙቀት ይጠብቃል። በፓራና የተደረጉ ምርምሮች በቡና ረድፎች መካከል የርግብ አተርና የጥላ ዛፍ መትከል ተክሉን ከውርጭ እንደሚያድን አረጋግጠዋል። በዚያው ግዛት ውርጭ ሊወርድ ሲል ለገበሬው አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ይነገራል። ገበሬውም ከ6 ወር በታች የሆነውን ችግኝ በአፈር ሸፍኖ ቁሩ እንዳለፈ ይገልጠዋል፤ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ያለውን ደግሞ ግንዱን በአፈር ያቅፈዋል። እንግዲህ ብራዚላውያን በብዙ ድካም የሚያበጁት መከላከያ በኢትዮጵያ ገበሬ ማሳ ላይ ከአባቶቹ ተረክቦት ይገኛል። ምርት ይጨምራል በሚል የጥላ ዛፉን ጨርሶ የሚቆርጥ ገበሬ ይህን መከላከያ እንደሚያጠፋ ሊነገረው ይገባል።

የኢትዮጵያ የቡና አገር በአብዛኛው ወይና ደጋ በመሆኑ ውርጭ አይበዛበትም። ደጋው ግን ውርጭን በሚገባ ያውቀዋል፤ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለው አገር ስሙ ራሱ ውርጭ ነው። በመንዝ፣ በደብረ ብርሃን አካባቢ፣ በአርሲና በባሌ ደጋዎች ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ደረቅና ጥርት ያሉ ሌሊቶች የሚወርደው አመዳይ ያበበ ባቄላ፣ ድንችና ያልጎመራ ገብስ ያጠፋል። የዚህ ውርጭ መንገድ ከብራዚሉ አይለይም። ስለዚህ የደጋ ማኅበራት መሪዎች ውርጭ የሚፈሩ ሰብሎች ከጎድጓዳው ወጥተው በተዳፋቱ እንዲዘሩ፣ ዘሩም አበባው ከውርጩ ወር ቀድሞ እንዲያልፍ በጊዜ እንዲዘራ ማስተባበር ይችላሉ። በማሳው ታች በኩል ያለ ጥቅጥቅ አጥር ቀዝቃዛውን አየር እንደ ግድብ ስለሚይዘው መውጫ ቢከፈትለት ይጠቅማል። መስኖ ባለበት ውርጭ በሚያሰጋበት ዋዜማ ማሳውን ማጠጣት ይረዳል፤ እርጥብ አፈር ቀን የተቀበለውን ሙቀት ከደረቅ አፈር አብልጦ ይይዛልና። ብዙዎች የሚተማመኑበት ጭስ ግን ሌሊት ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት እምብዛም አያግድም።

የቡና አገር ማኅበርም ሆነ የደጋው ማኅበር የሚሠራው ሥራ በመሠረቱ አንድ ነው። ሌሊቱ ከመድረሱ በፊት መምከር ነው። በመጪው ሰኔ የብራዚል የብርድ ወራት ይገባል፤ ውርጭ ይውረድ አይውረድ ማንም አስቀድሞ አይናገርም። በዚያን ጊዜ የዋጋ ሰሌዳ ያለው፣ የብድር ገንዘብ ያስቀመጠ፣ ምርቱን ከፋፍሎ የተዋዋለና የጥላ ዛፉን ያልቆረጠ ማኅበር ዋጋው ቢወጣ ይጠቀማል፤ ቢወርድም አባሎቹን ይዞ ይቆያል።